ድንኳን ከመተከሉ በፊት፦ የሆስፒስ እንክብካቤ ከየት መጣ?



ዕድራችን ሥራውን የሚጀምረው ለቅሶ ከተሰማ በኋላ ነው። ጥሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ከዕቃ ቤት ይወጣል፣ ገንዘብ ያዡም የተወሰነውን ለሐዘንተኛው ቤት ያደርሳል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ግን፣ ማለትም ሐኪሙ «ከእንግዲህ ወደ ቤታችሁ ውሰዱት» ካለበት ቀን አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞት ያለው፣ ለቤተሰቡ ብቻ የተተወ ነው። ጠያቂ አይጠፋም፤ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይሄዳል። ሌሊቱን ግን ሲያቃስት ከሚያድረው በሽተኛ ጋር የሚያነጉት ሚስትና ልጆች ናቸው። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለዚሁ ጊዜ ነው፤ በሌላው ዓለም ለሚሞት ሰውና ለቤተሰቡ የሚደረገው «ሆስፒስ» የሚባል እንክብካቤ እንዴት እንደ ተጀመረ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ እንግዳውንም እንግዳ ተቀባዩንም በአንድ ስም ይጠራል። በጥንቱ አውሮፓ መነኮሳት ለመንገደኛ፣ ለተሳላሚና መንገድ ላይ ለታመመ ሰው ያዘጋጁት ማረፊያ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ የመሸብኝ ነኝ» ያለውን ሰው አሳልፎ ያልሰጠ አገር ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ቃሉ ለሚሞቱ ሰዎች ቤት መጠሪያ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1842 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞት ያጣች ዣን ጋርኒዬ የምትባል ሴት፣ እንደ እሷው ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች አሰባስባ በማይድን በሽታ የተያዙትን የሚያስታምም ማኅበር አቋቋመች። ልብ በሉ፤ ሐኪሞች አይደሉም፣ ሐዘን ያወቁ ጎረቤቶች ናቸው። በ1879 በደብሊን፣ በ1905 ደግሞ በምሥራቅ ለንደን የአየርላንድ ደናግል እንዲህ ያሉ ቤቶችን ከፈቱ። በእነዚህ ቤቶች ንጹሕ አልጋ ነበር፣ ሾርባ ነበር፣ ጸሎት ነበር። የጎደለው ሕመሙን በሚገባ የማስታገሥ ጥበብ ነው።

ይህን ጥበብ ያመጣችው ሲስሊ ሳንደርስ የተባለች እንግሊዛዊት ናት። በ1918 ተወለደች። በመጀመሪያ ነርስ ነበረች፤ ጀርባዋን እየታመመች ሥራው ስላልተቻላት በሆስፒታል የሕሙማንን የኑሮ ችግር የምትከታተል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች። በዚህ ሥራ ላይ እንዳለች ዴቪድ ታስማ ከሚባል ከዋርሶ ከተሰደደ የፖላንድ ይሁዲ ጋር ተዋወቀች። ሰውየው በለንደን የምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበር። ዕድሜው ገና 40 ነው፣ ካንሰር ይዞታል፤ ቤተሰብ የለውም፣ የሚያስታምመው ዘመድም የለውም። እየመጣች ታጫውተው ጀመር። ሁለቱ ሲነጋገሩ የሰነበቱት እንዲህ ያለ ሰው በሰላም የሚሞትበት ቤት ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል በሚለው ላይ ነበር። በየካቲት 1948 ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላት፤ በምትሠሪው ቤት ውስጥ መስኮት ልሁን አላት። ቤቱ የለም፣ ቦታው የለም፣ ገንዘቡም ለግንብ አይበቃም። መስኮቱ ግን ተገኘ። ግድግዳውን ለማቆም ከዚያ ወዲያ 19 ዓመት ፈጀባት።

እነዚያ 19 ዓመታት በከንቱ አላለፉም። በትርፍ ጊዜዋ በለንደን ድሆች የሚሞቱበት አንድ ቤት በፈቃደኝነት ስታገለግል አንድ ነገር አየች። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ማስታገሻ የሚሰጠው በሽተኛው ሲጮህ ነበር። ጮኾ፣ ለምኖ፣ ነርሷ እስክትመጣ ጠብቆ ነው የሚያገኘው። በዚያ የድሆች ቤት ግን መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጥ ነበር፣ በየ4 ሰዓቱ፣ ሕመሙ ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ኃይሉ የሚቆየው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሕመሙ እስኪነሣ ከተጠበቀ ለማብረድ ብዙ ያስፈልጋል፣ በሽተኛውም ቀኑን ሙሉ የሚቀጥለውን ሕመም እየፈራ ይውላል። ቀድሞ ከተሰጠ ግን አነስ ያለው ይበቃል፤ ሰውየውም ሳይደነዝዝ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፣ እህል ይቀምሳል፣ ይተኛል።

ሐኪም ካልሆንሽ ሐኪሞቹ አይሰሙሽም ብሎ አንድ ቀዶ ጠጋኝ ስለመከራት በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ እንደ ገና ተማሪ ሆና በ1957 በሕክምና ተመረቀች። ቀጥሎም በምሥራቅ ለንደኑ የደናግል ቤት ገብታ ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የካንሰር ሕሙማንን ሁኔታ እየመዘገበች አጠናች። የዚያን ዘመን ሐኪም ትልቁ ፍርሃት «ሞርፊን ሱስ ያስይዛል» የሚል ነበር። እሷ ያየችው ሌላ ነው፦ ለሕመም በልኩና በሰዓቱ የሚሰጠው ሰው መድኃኒቱን የሚያሳድድ ሱሰኛ አይሆንም። ይህ ፍርሃት ዛሬም በእኛው ሰፈር አለ። «ሞርፊን ከተጀመረለትማ አለቀለት» ሲባል ያልሰማ ማን ነው? እንዲያው ለመሆኑ ሊሞት ሳምንታት የቀሩት ሰው ሱስ እንዳይዘው ተብሎ በስቃይ እንዲያድር መደረጉን ምን እንበለው?

ሁለተኛው ትምህርቷ ከመድኃኒት ይሰፋል። ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም አለች። የአካሉ፣ የሐሳቡ፣ የቤተሰቡና የነፍሱ ጭንቀት አንድ ላይ ተጠማዝዞ ነው ሰውን የሚያንገላታው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማስታገሥ አይቻልም። እኛም ይህን በየቤቱ አይተናል። ያልተዳረች ልጅ ያለችው አባት፣ ከወንድሟ እንደ ተኳረፈች የምትሞት እናት፣ ያልከፈለው ዕዳ የሚያስጨንቀው ነጋዴ፣ እነዚህ ሰዎች መርፌ ብቻ አያስተኛቸውም። ወንድምየው ተጠርቶ ይቅር ሲባባሉ የሚቀለው ሕመም አለ።

ሴንት ክሪስቶፈር የተባለው ሆስፒስ በደቡብ ምሥራቅ ለንደን በ1967 ተከፈተ፤ 54 አልጋዎች ነበሩት። የታስማም መስኮት ተገጠመ። ቤተሰብ እንደ ልቡ ይገባል፣ ልጆችም አይከለከሉም። ከሞት በኋላም ሐዘንተኛውን መከታተል የሥራው ክፍል ሆነ። በ1969 ደግሞ ነርሶች ወደ በሽተኞች ቤት መሄድ ጀመሩ፤ በእኛ አስተያየት ከግንቡ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ይህኛው ነው። ሳንደርስ ሞትን ማፋጠንን አጥብቃ ትቃወም ነበር። ሆስፒስ ሞትን አያፋጥንም፣ ፍሬ በሌለው ሕክምናም አያንገላታም። እሷም በ2005 ካንሰር ይዟት በ87 ዓመቷ ያረፈችው በዚያው ባቆመችው ቤት ውስጥ ነው።

ከለንደን ወደ አሜሪካ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በየል ዩኒቨርሲቲ የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረችው ፍሎረንስ ዋልድ የሳንደርስን ንግግር በ1963 ሰማች፤ በ1974 በኮነቲከት የመጀመሪያው ሆስፒስ ሥራ ጀመረ። በ1982 በወጣ ሕግ መንግሥት ለአረጋውያን የሚከፍለው የጤና መድን የሆስፒስን ወጪ መሸፈን ጀመረ፤ በሽታው እንደ ልማዱ ከሄደ ዕድሜው ከ6 ወር አይበልጥም ብለው ሐኪሞች ሲመሰክሩ ነው። ልጆቻቸው በዚያ አገር ያሉ አባሎቻችን ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። በስልክ «ሆስፒስ ገባ» ሲባሉ ሰውየው ሞቷል ወይም መሞቻ ቤት ተጥሏል ማለት አይደለም። በዚያ አገር ሆስፒስ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ ወደ ገዛ ቤቱ ትመጣለች ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር እንግባ። የሳንደርስ መንገድ በሽተኛው ሊያውቅ የሚፈልገውን ያህል ይነገረው የሚል ነው። በእኛ ባህል መርዶ እንኳ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ለበሽተኛማ ጭራሽ አይነገርም፤ ሐኪሙም ልጆቹን ወደ ጓዳ ጠርቶ ነው የሚያንሾካሹከው። ደግነት ነው፣ አንክድም። ነገር ግን ውጤቱን እንመልከት። በሽተኛው ያውቃል፣ ቤተሰቡም ያውቃል፣ ሁሉም ይደባበቃል። ኑዛዜው ሳይነገር ይቀራል፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼሁ ዘግይቶ ይጠራል፣ የቤቱ ካርታ የት እንዳለ ሳይታወቅ ልጆች ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። የሆስፒስ ሰዎች ግን ወሬውን በድንገት አይጥሉበትም። ቀስ ብለው «አንተ ራስህ ስለ ሕመምህ ምን ታስባለህ? ምንስ ያሳስብሃል?» ብለው ይጠይቁታል። መልሱ ከበሽተኛው አፍ ይወጣል። ማወቅ ያልፈለገም አይገደድም። ይህ ደግሞ ከሽማግሌዎቻችን የአነጋገር ልማድ ብዙ የሚርቅ አይመስለንም።

በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆስፒስ በሐራሬ በ1979 ተቋቋመ፤ ናይሮቢ በ1990 ተከተለች። ለድሃ አገር መንገዱን ያሳየችው ግን ኡጋንዳ ናት። በ1993 አን ሜሪማን የምትባል ሐኪም በካምፓላ የጀመረችው ሆስፒስ ግንብ ከመገንባት ይልቅ የሞርፊን ዱቄት በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ ለሕሙማን ቤት ማድረስን መረጠ። የሚበጠበጥ ዱቄት ስለሆነ ርካሽ ነው፣ መርፌም አያስፈልገው። በ2004 ደግሞ ኡጋንዳ ለዚህ የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች፤ ሐኪም ለሌለበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት በ2003 በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ነርሶችን ወደ ሕሙማን ቤት ሲልክ ቆይቷል። ዕድሮችም ቢሆኑ ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደ ልብ ባልተገኘባቸው ዓመታት በየቀኑ ቀባሪ መሆን የሰለቻቸው የአዲስ አበባ ዕድሮች ከለቅሶ ቤት በፊት ወደ በሽተኛ ቤት መሄድ ጀምረው ነበር። አባላት ሠልጥነው ቤት ለቤት እየሄዱ ገላ አጥበዋል፣ ልብስ አጥበዋል፣ ምግብ አብስለዋል፣ መድኃኒት አስውጠዋል፤ መገለሉ በበዛበት በዚያ ጊዜ በሩን ማንኳኳቱ ራሱ ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱ በነጻ መታደል ጀምሮ ሰው መዳን ሲይዝ ያ ልምድ በብዙ ቦታ ቀዘቀዘ። ዛሬ በየቤቱ የሚያስተኛው ካንሰሩ፣ ስትሮኩ፣ የኩላሊቱና የልቡ በሽታ ነው፤ አስታማሚው ግን ያችው አንዲት ሚስት ወይም ያችው አንዲት ልጅ ናት።

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ክፍያ የሚፈጸመው ሞት ሲረጋገጥ ነው። ከአባላት በተደጋጋሚ የቀረበ አሳብ አለ፤ ሐኪም ከዚህ በላይ ሕክምና የለውም ብሎ በጽሑፍ ላረጋገጠለት አባል ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ በሕይወት ሳለ ለመድኃኒትና ለፍራሽ ይሰጥ፣ ሁለት ሁለት አባላትም በተራ እያደሩ አስታማሚዋን ያሳርፉ የሚል ነው። ገንዘብ ያዡ በበኩላቸው ሣጥኑ ይጎድላል፣ የቀብሩ ቀንስ በምን እንቆማለን ይላሉ፤ ስጋታቸው መሠረት አለው። የማደሩ ተራ ግን ሣጥን አይነካም። ሁለቱም አሳቦች ተለያይተው ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባሉ።