የሐኪም እጅ የት ይማራል?

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ቀዶ ጥገናን የሚማር ወጣት እጁን የሚያሠለጥነው በምን ላይ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ተገቢው መልስ እስኪገኝ ድረስ ዋጋውን የከፈሉት ሕመምተኞች ናቸው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1889 ከተከፈተ በኋላ ዶክተር ዊልያም ሀልስቴድ አንድ የማስተማሪያ ሥርዓት አቆሙ። ተማሪው ለብዙ ዓመት ከመምህሩ አጠገብ ቆሞ ያያል፣ ይረዳል፤ ኃላፊነቱም ደረጃ በደረጃ ይጨመርለታል። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ የሁለቱ እጅ በአንድ ስፍራ ስለሚገናኝ፣ መምህሩ የተማሪውን ስሕተት ሳይፈጸም ሊገታው ይችላል።

ኋላ ግን ሌላ ጥበብ መጣ። በጀርመን አገር ዶክተር ኩርት ዜም በ1980 ትርፍ አንጀትን፣ ዶክተር ኤሪክ ሙሔም በ1985 የሐሞት ከረጢትን፣ ሆዱን በሰፊው ሳይከፍቱ በጠባብ ቀዳዳ በገባ መሣሪያ አወጡ። ሙሔ ሥራቸውን በ1986 ለአገራቸው የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ማኅበር ባቀረቡ ጊዜ በጥርጣሬ ታዩ፤ ይኸው ማኅበር ግን በ1992 ሸለማቸው።

ለሕመምተኛው ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ቁስሉ ትንሽ፣ ሕመሙ ቀላል፣ ወደ ቤቱም የሚመለስበት ጊዜ አጭር ነውና። ለሐኪሙ ግን ሥራው እንደ አዲስ የሚጀመር ሆነ። ጣቱ የሚሠራበትን አካል አይዳስስም፤ ጥልቀቱን ከጠፍጣፋ ሥዕል ይገምታል፤ እጁን ወደ ቀኝ ሲመራ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል። የብዙ ዓመት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች እንኳ ዳግመኛ ጀማሪዎች ሆኑ፤ ሆኖም ብዙዎቹ የተማሩት ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር።

ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል የሚሠሩ ሐኪሞች በ1991 ስለ 1,518 ሕመምተኞች ባወጡት ጥናት፣ በየቡድኑ መጀመሪያ ከታከሙት 13 ሰዎች መካከል የሐሞት ቧንቧቸው የተጎዳው ከመቶ 2.2 ሲሆን፣ ከእነርሱ በኋላ በታከሙት ግን ከመቶ 0.1 ብቻ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የልዩነቱን ዕዳ የተሸከመው ተራው ቀድሞ የደረሰው ሕመምተኛ ነበር። በ1992 የኒው ዮርክ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት አንድ ሐኪም ብቻውን ከመሥራቱ በፊት በተቆጣጣሪ ሥር 15 ጊዜ እንዲሠራ የሚል መመሪያ አወጣ።

ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪ ቢኖርም ልምምዱ በሰው ገላ ላይ መሆኑ አልቀረም። መፍትሔው አስቀድሞ በሣጥን ላይ መልመድ ሆነ። ዜም ራሳቸው የመለማመጃ ሣጥን ሠርተው ነበር፤ ኋላም ኮምፒዩተር ተጨመረ። በ2002 በዬል ዩኒቨርሲቲ 16 ተለማማጅ ሐኪሞች ተፈተኑ፤ በኮምፒዩተር ያልሠለጠኑት የሐሞት ከረጢቱን ለመጉዳት ወይም ሌላ አካል ለማቃጠል ያላቸው ዕድል ከሠለጠኑት አምስት እጥፍ ሆነ።

በ2000 የአሜሪካ መንግሥት ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት ለቀዶ ጥገና እንዲውል ፈቀደ። በ2001 ዶክተር ዣክ ማሬስኮ በኒው ዮርክ ተቀምጠው በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የተኛችን ሴት የሐሞት ከረጢት በሮቦት አወጡ። ሮቦቱ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጠፋል፤ ጥልቀትንም ያሳያል። ነገር ግን አንድ ሰው ክንዶቹን ሁሉ ብቻውን ስለሚያዝዝ፣ ቀድሞ በመምህሩ አጠገብ ይረዳ የነበረው ተማሪ ተመልካች ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህርና ተማሪ ሥራውን የሚቀባበሉበት ባለ ሁለት መቀመጫ መሣሪያ ተሠራ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህን ነው። አዲስ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የሠለጠነ እጅ ግን በጊዜና በትዕግሥት እንጂ በሌላ አይገኝም። መሣሪያው ከትምህርቱ ቀድሞ በደረሰ ጊዜ ሁሉ መካከሉን የሚሞላው የሕመምተኛው ገላ ነው። ስለሆነም ሮቦት የሚያስገባ ሆስፒታል ሁሉ፣ የመለማመጃውን ክፍል ከቀዶ ጥገናው ክፍል አስቀድሞ ሊከፍት ይገባዋል።