የሚያውቅ ለማያውቅ ሲጽፍ

የእህቴ ልጅ አሮጌዋን ኮምፒዩተሬን ወስዶ ሊኑክስ ጭኖባት መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቫይረስ አያስቸግርዎትም» አለኝ። ደስ አለኝ። በማግሥቱ ልጽፍ ብል ግን አማርኛው የለም። መመሪያ ፈልጌ አነበብኩ። የመጀመሪያው መስመር «ተርሚናል ይክፈቱ» ይላል። እኔ ደግሞ ተርሚናል ሲባል የማውቀው ቦሌ ያለውን ነው!

ነገሩ ሥር አለው። ሊኑክስ የተሠራው በዩኒክስ አምሳል ነው። የዩኒክስን የመጀመሪያ መመሪያ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ አወጡት። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ገጽ አለው፤ ስሙ፣ አጻጻፉ፣ ሥራው፣ አልፎ አልፎም ጉድለቱ ሳይቀር ተጽፏል። የራሱን ሥራ ጉድለት በዚያው ገጽ የሚናዘዝ ደራሲ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ይሄን አደንቃለሁ። ግን መጽሐፉ እንደ መዝገበ ቃላት ነው። ቃሉን ይዞ ለመጣ ይመልሳል፤ የትኛውን ቃል እንደሚፈልግ ለማያውቅ ዝም ይላል።

በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እንደሱው የሙያው ሰዎች ነበሩ። በ1992 ማት ዌልሽ፣ ላርስ ቪርዜኒዩስና ማይክል ጆንሰን የሊኑክስ የሰነድ ፕሮጀክትን ጀመሩ። ከፕሮጀክቱ ጽሑፎች የታወቁት «ሀው ቱ» ተባሉ፤ «እንዴት» እንደማለት ነው። ለውጡ ስሙ ውስጥ አለ። የድሮው ገጽ «ይህ ትእዛዝ ምንድን ነው?» ለሚል የተጻፈ ነው፤ አዲሱ «ይህን ሥራ እንዴት ልሥራው?» ለሚል። ያም ሆኖ «ሂድና መመሪያውን አንብብ!» የሚለው ቁጣ ከጀማሪው ጆሮ አልጠፋም።

የእኛ የኔታዎች ጀማሪ የት እንደሚስት ያውቁ ነበር። ልጁ ሀሁን በተርታ ከወጣ በኋላ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። ፊደሉ ቦታ ቦታውን ሲለቅ፣ ለይቶ የሚያነበውና በቃሉ የሸመደደው ይታወቃሉ።

እኔስ? ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ስለ ትረካ አንጻር አንድ ሰዓት ሙሉ ካወራሁ በኋላ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አንጻር ምን ማለት ነው?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዳግመኛ እጇን አላወጣችም። ተርሚናል ፍለጋ ስደናበር ትዝ ያለችኝ እሷ ናት።

የእህቴን ልጅ ጠርቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያልገባኝ ቃል በመጣ ቁጥር እያስቆምኩት፣ የነገረኝን በራሴ አማርኛ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ ሆነ። ኮርቼበት ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሦስተኛው መስመር ላይ አስቆመችኝ፤ «ቆይ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

አልሳቅሁም። እርሳሴን አነሳሁ።