የወሊድ ፍላጎት ጥናት በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

የወሊድ ፍላጎት ጥናት ሰዎች ስንት ልጅ፣ መቼና በስንት ዓመት ልዩነት መውለድ እንደሚሹ፣ ሐሳባቸውም ከኑሯቸው ጋር እንዴት እንደሚገጥም የሚመረምር የሥነ ሕዝብ ዘርፍ ነው። በኦሮሚያ የሚገኘው የምዕራብ ሸዋ ዞን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2,058,676 ነዋሪ ነበረው፤ ከመቶ 88 ያህሉ የገጠር ሰው ነበር። አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደርና ጌዶ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ ተደርድረዋል። የዞኑ ርዕሰ ከተማ አምቦ በዚያው ቆጠራ 48,171 ሕዝብ ነበራት።

አጠያየቁ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ልጅ ያላትን ሴት፣ ልጅ ወዳልነበራት ጊዜ ብትመለስና ቁጥሩን ራሷ ብትወስን ስንት ልጅ እንደምትፈልግ ይጠይቃታል። መጠይቁ ከአማርኛ በተጨማሪ በአፋን ኦሮሞም ይቀርባል። ብዙዎች ቁጥር ይጠራሉ፤ «ፈጣሪ የሰጠኝን» የምትል ተጠያቂ ግን ቁጥር ያልሰጠች ተብላ ትመዘገባለች። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» በሚባልበት አገር ይህ መልስ የተጠያቂዋ ግድየለሽነት ምልክት ተደርጎ አይታይም።

ሌላው ጥያቄ የቅርብ ዓመታት እርግዝና በወቅቱ የተፈለገ፣ ቆይቶ ቢሆን የሚመረጥ ወይም ጨርሶ ያልተፈለገ መሆኑን ይለያል። በ2008 ዓ.ም. ዳሰሳ በአገር ደረጃ ከአራት ወሊድ አንዱ ገደማ ቆይቶ ቢሆን የሚመረጥ ወይም ጨርሶ ያልተፈለገ ነበር። እናት የታቀፈችውን ልጅ «አልፈለግሁትም» ማለት ስለሚከብዳት ተመራማሪዎች ይህን አኃዝ ዝቅተኛ ግምት አድርገው ያዩታል።

ቤተሰብና ቤተኛ

የዳሰሳው ጠያቂ ሴቲቱ የወለደቻቸውን ልጆች አብረዋት የሚኖሩ፣ ሌላ ቦታ የሚኖሩና የሞቱ ብሎ ለይቶ ይቆጥራል። ጉዲፈቻ ሥር በሰደደበት አካባቢ ይህ አስፈላጊ ነው፤ በአንድ ቤት የሚያድግ ልጅ ሁሉ የቤቱ እመቤት የወለደችው አይደለም። በአምቦ ደግሞ የዘመድ ልጅ ለትምህርት ከገጠር ይመጣል፣ የቤት ሠራተኛ አብራ ታድራለች። ሌሎች ተማሪዎች ቤት ተከራይተው ከወላጅ በሚላክላቸው ስንቅ ይኖራሉ። ስለዚህ የቤተሰብ ብዛት ብቻውን የወሊድን መጠን አይናገርም።

የጥናቱ ታሪክ

የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ1982 ዓ.ም. አገር አቀፍ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ተካሄደ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸውን ልጆች አማካይ ከ7.7 ወደ 4 ለማውረድ፣ የወሊድ መከላከያ ተጠቃሚዎችንም ከመቶ 4 ወደ 44 ለማድረስ ግብ ጣለ። በ1992 ዓ.ም. ዙር በዙር የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ተጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ምክሩን፣ ኪኒኑንና መርፌውን ወደ ቀበሌ አወረደ። በ2003/04 ዓ.ም. ቻርልስ ቴለርና አሰፋ ኃይለማርያም የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብ ሽግግር የሚተነትን መጽሐፍ በአርታኢነት አሳተሙ።

ግኝቶች

በኦሮሚያ የአንዲት ሴት አማካይ ወሊድ በ1997 ዓ.ም. 6.2፣ በ2003 ዓ.ም. 5.6፣ በ2008 ዓ.ም. 5.4 ነበር። በ2008 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የከተማው አማካይ 2.3፣ የገጠሩ 5.2 ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ልጅ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ የማይጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በኦሮሚያ ከመቶ 29 ያህል ነበሩ፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በኦሮሚያ የመከላከያ ተጠቃሚዎቹም ከመቶ 29 ገደማ ሲሆኑ በአማራ ክልል 47 ደርሰው ነበር። በአገሪቱ በብዛት የተመረጠው ዘዴ የሦስት ወሩ መርፌ ነው።

የወሊድ ቅነሳው ምክንያት ግን አከራካሪ ነው። በአዲስ አበባ አማካዩ ከ1982 እስከ 1992 ዓ.ም. ከ3.1 ወደ 1.9 ሲወርድ ተመራማሪው ሲባንዳና ባልደረቦቹ ዋናውን ድርሻ ለጋብቻ መዘግየት ሰጡ፤ የሥራ ማጣትንና የቤት እጦትንም ከጀርባው አዩ። እሸቱ ጉርሙና ሩት ሜስም የመዲናዋን ቅነሳ ከድህነት ጋር አያይዘውታል። በሌላ በኩል ምሃይሪ ጊብሰንና ሜስ በአርሲ ገጠር ያደረጉት ጥናት ቧንቧ ውሃ ሲገባ የሴቶች ድካም እንደቀነሰ፣ ወሊድ ግን እንደጨመረ አሳይቷል። የኑሮ መሻሻል ሁልጊዜ ወሊድን አይቀንስም ማለት ነው።

የአኃዞቹ ወሰን

የዳሰሳው ናሙና የሚወክለው ክልልንና በአገር ደረጃ ከተማንና ገጠርን እንጂ ዞንን ወይም አንድን ከተማ አይደለም። ጊንጪ ወይም ጌዶ «ከተማ» በሚለው መደብ ከትልልቆቹ ከተሞች ጋር ይደመራሉ፤ ገበያቸው፣ ዘመዶቻቸውና ብዙዎቹ ተማሪዎቻቸው ግን የገጠር ናቸው። የክልሉን 5.4 ወይም የከተማውን 2.3 እንዳለ ለአምቦ መስጠት ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የከተሞቹን ፍላጎት ለይቶ ለማወቅ ተከራይ ተማሪዎችን፣ የቤት ሠራተኞችንና አዲስ ገቢ ባለትዳሮችን የሚያካትት የራሱ ናሙና፣ ባልንና ሚስትንም ለየብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ያስፈልጋል።