ልጆች ስሜታቸውንና ባሕርያቸውን እንዲገዙ ማስተማር፦ በሁለት ቋንቋ መካከል

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ወላጅ የሚቆጣው በአማርኛ፣ ልጅ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ምግብ፣ ስለ ቤት ሥራና ስለ መኝታ ሰዓት እንዲህ መግባባት አያዳግትም። ልጁ ሲቀና፣ ሲያፍር ወይም ሲናደድ ግን የጋራ ቃል ማጣት ይጎዳል።

ስሜትን መግዛት አለመናደድ ማለት አይደለም። የተሰማን ነገር ለይቶ ማወቅና በእጅ ወይም በእግር ከመመለስ በፊት ቆም ማለት መቻል ነው። ይህን በመምራት ትልቅ ድርሻ ያለው ከግንባር ጀርባ የሚገኘው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። መሬት ላይ ተንከባሎ የሚያለቅስ የ3 ዓመት ሕፃን እንግዲህ ባለጌ ሳይሆን ገና ያልበሰለ ነው።

ይሁንና ልማዱ በጊዜ ካልተጀመረ ዋጋ ያስከፍላል። በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ እ.አ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ ከ1,000 በላይ ሕፃናትን ለዐሥርተ ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በልጅነታቸው ራሳቸውን መግዛት የቻሉት በ32 ዓመታቸው የተሻለ ጤናና የገንዘብ አቅም እንደነበራቸው፣ በወንጀል የተቀጡትም ጥቂት እንደነበሩ አሳይቷል። ይበልጥ የሚያጽናናው፣ እያደጉ ሲሄዱ ራሳቸውን መግዛት የተማሩት ልጆች ውጤትም መሻሻሉ ነው።

ትምህርቱ የሚጀምረው ስሜትን በስሙ ከመጥራት ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ሀብታም ቋንቋ ነው። "ከፋኝ"፣ "ቅር አለኝ"፣ "አኮረፍኩ"፣ "ናፈቀኝ" እና "ሆድ ባሰኝ" አንድ ነገር አይደሉም። የመጨረሻውን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል መመለስ ያስቸግራል፤ የተረሳ ወይም የተገፋ የመሰለው ሰው እንባ የሚቀርበው ስሜት ነውና። ሁሉንም "ማድ" በሚል አንድ ቃል የሚጠቀልል ልጅ ግን የሚያስፈልገው እቅፍ ይሁን ብቻውን መሆን፣ እሱም ወላጁም አያውቁትም። ጨቅላ እህቱን የመታውን ልጅ እናቱ "እሷን ስላቀፍኳት ሆድ ባሰህ አይደል የኔ ልጅ? መምታት ግን የለም" ብትለው፣ ስሜቱን ተቀብላ ድርጊቱን ከለከለች ማለት ነው። ሁለቱ መነጣጠል የለባቸውም። መረዳት ብቻውን ልጅን ያለ ወሰን ያስቀረዋል፤ ክልከላ ብቻውን ደግሞ ስሜቱን እንዲደብቅ ያስተምረዋል።

ይህን በረጋ ድምፅ መናገር ከማታ ፈረቃ ለተመለሰ ወላጅ ቀላል አይደለም። በአገር ቤት እናት ስትቆጣ አያት ወይም ጎረቤት "ተይው፣ ልጅ አይደል" ብላ ትገባለች፤ ልጁም ቀሚሷ ሥር ይሸሸጋል። ያ ለእናትም ለልጅም ማብረጃ ነበር። በአፓርትመንት ኮሪደር ግን በር የሚያንኳኳ አማላጅ የለም። ወላጁ ራሱ ጥቂት ዝም ብሎ ውኃ ቢጠጣና "አሁን ተናድጃለሁ፣ ስበርድ እንነጋገራለን" ቢል ልጁ ከማየት ይማራል።

አርጩሜና ቁንጥጫን የሚቃወሙት አሜሪካውያን ብቻ አይደሉም። እ.አ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 36ኛ አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይመቱ መክሯል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በልጅ ላይ ጉዳት ያደረሰ ቅጣት እንደ ጥቃት ሊቆጠር ይችላል፤ የተጠራጠረ መምህርም እንዲያሳውቅ ሕግ ያስገድደዋል።

አለመግባባት ከክፍል ውስጥም ይነሣል። አዋቂ ሲገሥጸው አንገቱን እንዲደፋ የተማረ ልጅ፣ ዐይን ለዐይን መተያየትን የመስማት ምልክት አድርጎ ለሚወስድ መምህር እንቢተኛ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳይ ለውይይት ሲቀርብ ወላጅ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛም መረጃ ያቀርባሉ። ብዙ ጊዜ ግን የሚያስተረጉመው በጥፋት የተጠራው ልጅ ራሱ ነው።