የገመዱ ምትክ ስለ ሆነው ሰንደቅ

ሰው ወደ ባሕር ጥልቅ ለመውረድ ከደፈረበት ከጥንት ዘመን አንሥቶ፣ ጠላቂው ከታች ሲደክም በላይ ሆኖ ነፍሱን የሚጠብቅለት ባልንጀራ አይታጣም ነበር። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዕንቁ ይለቅሙ የነበሩት ዐረቦች ጠላቂውን «ጋይስ»፣ ጠባቂውን ደግሞ «ሳይብ» ይሉት ነበር፤ ጋይሱ አፍንጫውን በመቆንጠጫ ዘግቶ፣ እግሩን ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ላይ አሳርፎ ወደ ቀላዩ ይወርዳል፤ ትንፋሹ ሲያጥረው ሁለተኛውን ገመድ ይነቀንቃል፤ ሳይቡም ይህን ሲያይ ባለ በሌለ ኃይሉ ጎትቶ ያወጣው ነበር። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያም ዕንቁ ፍለጋ ከጀልባ እየጠለቁ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን ለሚያልፈው ባሕረኛ ሰንደቅም ሆነ ሌላ ምልክት አላስፈለገውም፤ ቀጥ ብላ የቆመች ጀልባና በጠርዟ ጎንበስ ብሎ ገመድ የያዘ ሰው ካየ፣ ከሥሩ የአዳም ልጅ እንዳለ ሳይነገረው ያውቃልና።

በ19ኛው መቶ ዓመት ተወላጅነቱ ከጀርመን የሆነው አውግስጦስ ዚቤ በለንደን የመዳብ የራስ ቁርና ውኃ የማያስገባ ልብስ አዘጋጅቶ ጠላቂውን ለረጅም ጊዜ ከታች እንዲቆይ ባስቻለው ጊዜም ይህ ሥርዐት አልተለወጠም፤ ይልቁንም ጠበቀ። ባለ ቁሩ ጠላቂ የሚተነፍሰው በጀልባይቱ ላይ ያሉ ሰዎች በመንፊያ እየገፉ በቱቦ የሚልኩለትን አየር ነበር፤ በወገቡ የታሰረውንም ገመድ አንድ ጊዜ ወይም ብዙ ጊዜ በመሳብ ከላይ ካሉት ጋር ይነጋገር ነበር። ጀልባይቱ ጥላው ሄደች ማለት ሞተ ማለት ነውና፣ ጀልባና ጠላቂ እንደ ሥጋና ነፍስ ሳይለያዩ ኖሩ።

ይህን ትስስር የበጠሰው ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በጦርነት ላይ በነበረችው ፈረንሳይ የሠሩት መተንፈሻ ነው። ታምቆ በሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር ጠላቂው በሳበ ቁጥር በልክ የሚሰጠው ይህ ትንሽ መሣሪያ፣ ሰውን ከቱቦና ከገመድ አርነት አወጣው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ወደደው የድንጋይ ዋሻ እንዲሄድ አስቻለው። ስለዚህ አርነት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዋጋው ግን ጥቂት ነው የተባለው። ዋጋውም ይህ ነው፦ ጠላቂው ከላይ ላለው ዓለም የማይታይ ሆነ። የሚተነፍሰው አየር አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጸጥተኛ ውኃ ላይ በቅርብ ያለ ሰው ያየዋል፤ ጥቂት ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ነጣ ነጣ ሲል ግን አረፋውን ከማዕበሉ አረፋ ለይቶ የሚያውቅ ዐይን የለም።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ፣ ጠላቂው ገመዱን በፈታበት በዚያው ትውልድ የባሕሩም ገጽ ጸጥታውን አጣ። ከጦርነቱ በኋላ በጀልባ ጭራ ላይ የሚታሰረው ሞተር በአሜሪካ ለብዙ ሰው ተዳረሰና፣ ቀድሞ በሸራና በመቅዘፊያ ይቀዝፉ የነበሩ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ በፍጥነት መብረር ያዙ። ከታች የማይታይ ሰው፣ ከላይ ስለታም ብረት የሚያሽከረክር ጀልባ፤ በመካከላቸው ግን ወሬ የሚያቀብል ማንም የለም።

ለዚህ ነገር መላ ያገኘው የሐይቅ አገር በሆነችው በሚቺጋን ነዋሪ የነበረውና ቀድሞ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ያገለገለው ዴንዘል ጄምስ ዶከሪ ነው። ባሕር ኃይሉ አደገኛ ሥራ መኖሩን የሚያስታውቅበት ቀይ ሰንደቅ ነበረው፤ ዶከሪ በ1956 በቀዩ ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚያቋርጥ ነጭ መስመር ጨምሮበት የጠላቂ ምልክት አደረገው። የመጥለቂያ ዕቃ ነጋዴ የነበረው ቴድ ኒክሰንም በየደረሰበት ይህንኑ ሰንደቅ አስፋፋው። እንዲህ ያለው ነገር ከምክር ቤት አዋጅ ሳይሆን ከተራ ሰው እጅ መጀመሩን ልብ ማለት ይገባል፤ ሕጉ የመጣው ሰንደቁ ከተለመደ በኋላ ነው።

መርከብ ያላቸው መንግሥታት ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። በዓለም አቀፉ የምልክት መጽሐፍ «አልፋ» የተባለው፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ሰማያዊ የሆነው ባለ ሁለት ጭራ ሰንደቅ፣ በ1931 በወጣው መጽሐፍ ትርጉሙ «የፍጥነት ፈተና ላይ ነኝ» የሚል ነበር። በ1965 ጸድቆ በ1969 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ መጽሐፍ ግን ያንኑ ሰንደቅ «ጠላቂ አውርጃለሁ፤ ፍጥነትህን ቀንሰህ ርቀህ እለፍ» እንዲል አደረገው። ስለ ፍጥነት ይመካ የነበረው ጨርቅ ፍጥነትን የሚገሥጽ ሆነ፤ ጳውሎስ ሆኖ የተገኘ ሳውል ቢባል የሚበዛበት አይመስለኝም። የ1972ቱ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብም ለጠላቂ ሥራ የተሰማራች ትንሽ መርከብ የዚህን ሰንደቅ አምሳል ከ1 ሜትር ባላነሰ ቁመት፣ ከየአቅጣጫው እንዲታይ አድርጋ ከጠንካራ ነገር ሠርታ እንድታቆም ያዛል። ይሁን እንጂ አልፋ የሚናገረው ስለ መርከቧ ነው፤ እንደ ልቧ መንቀሳቀስ የማትችል መሆኗን ይገልጻል። ስለ ሰውየው የሚናገረው ቀዩ ነው፤ ስለዚህም ጠንቃቆቹ ሁለቱንም ይሰቅላሉ።

ለምሳሌ በአሜሪካዋ ግዛት በፍሎሪዳ ሕግ በክፍት ባሕር የጠላቂ ሰንደቅ ያየ ባለ ጀልባ 300 ጫማ፣ ይኸውም 90 ሜትር ያህል፣ እንዲርቅ መጣር አለበት፤ በወንዝና በጠባብ መተላለፊያ ርቀቱ 100 ጫማ ነው፤ ወደ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነበትም ሞተሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ይገባል። 90 ሜትር ለእግረኛ ረጅም መንገድ ይመስላል፤ በሰዓት 30 የባሕር ማይል የሚሄድ ጀልባ ግን በስድስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ከታች ያለውም ሰው እንዲሸሽ አይጠበቅም። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ አራት እጥፍ ይፈጥናልና ለሁለቱ ጆሮዎች እኩል ሊባል በሚችል ጊዜ ይደርሳል፤ ጠላቂው የሞተሩን ጩኸት አጥርቶ ይሰማል፣ ከወዴት እንደሚመጣ ግን አይለይም። ከመውጣቱም በፊት ደሙ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን እንዲለቀው አምስት ሜትር ያህል ላይ ሦስት ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የቀሩት ጥቂት ሜትሮች ናቸው እጅግ የሚያስፈሩት።

እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ከርስቲ ማክኮል ታኅሣሥ 18 ቀን 2000 በሜክሲኮ የኮዙሜል ደሴት አጠገብ ከልጆቿ ጋር ጠልቃ ስትወጣ፣ ለጠላቂዎች በተከለለው ውኃ ውስጥ የገባ ፈጣን ጀልባ መትቶ ገደላት። ክልል በወረቀት ቢሰመር መሪ የጨበጠው ሰው ካላከበረው ፋይዳ እንደሌለው ያን ጊዜ ዓለም አወቀ።

ሕጉ ግን ባለ ጀልባውን ብቻ አያስርም። ጠላቂውም ከሰንደቁ እንዳይርቅ፣ ከውኃው ሲወጣ ደግሞ ሰንደቁን እንዲያወርድ ፍሎሪዳ ታዛለች። ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ የሚንቁት ብዙዎች ናቸው፤ ቀይና ነጩ ምልክት በሸሚዝ ላይ ታትሞ፣ በመኪና ኋላ ተለጥፎ፣ በየመጠጥ ቤቱ በር ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ወደብ ላይ በታሰሩና ማንም ባልጠለቀባቸው ጀልባዎችም ላይ ሳምንት ሙሉ ሲውለበለብ ይከርማል። ያን ሰንደቅ ሲያይ የሰነበተ ባለ ሞተር በእውነተኛው ፊት ሞተሩን ሳያበርድ ቢያልፍ፣ ከወቀሳው ጥቂቱ ለጠላቂዎቹም ይደርሳቸዋል።