ስለ ሊምፍ ዕጢ ሕዋሳት አሰላለፍ፤ የፎሊክል ሊምፎማ ጥናት ታሪክ

በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚያብጠውን ዕጢ ሕዝባችን ንፍፊት ይለዋል። እግር ቈስሎ ብሽሽት ቢያብጥ ማንም አይደነግጥም፤ ቍስሉ ሲሽር ንፍፊቱም አብሮ እንዲጠፋ ከልምድ የታወቀ ነውና። ሳይጠፋ ሲቀር ግን ሐኪሙን ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ዕጢው ያበጠው በሽታን ሲከላከል ነው ወይስ ተከላካዮቹ ሕዋሳት ራሳቸው ነቀርሳ ሆነው ነው የሚል ነው። የሁለቱ ሕዋሳት መልክ በጣም ሊመሳሰል ስለሚችል፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የተገኘው ከአሰላለፋቸው ነው። እኛም እዚህ ለማሳየት የምንፈልገው ይህ የአሰላለፍ ነገር ፎሊክል ሊምፎማ በሚባለው የቢ ሕዋሳት ነቀርሳ ጥናት ውስጥ እንዴት እንደ ታወቀ፣ ለጊዜው እንዴት ወደ ኋላ እንደ ቀረና እንዴት እንደ ተመለሰ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1832 ዓ.ም. ቶማስ ሆጅኪን የተባለው የለንደን ሐኪም ዕጢና ጣፊያቸው ያበጠባቸውን የሰባት ሕሙማን ታሪክ ሲያቀርብ የተመለከተው በዐይኑ ብቻ ነበር። የዕጢው ውስጣዊ ሥርዐት በአጉሊ መነጽር በሚገባ የተገለጠው በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ዋልተር ፍሌሚንግ በጀርመን አገር በኪል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ነው። ፍሌሚንግ ፎሊክል በሚባሉት ክብ ክብ ስብስቦች መካከል ሕዋሳት ያለ ማቋረጥ ሲከፈሉ ስላየ ስፍራውን የመብቀያ ማዕከል ብሎ ሰየመው። እዚያው ማክሮፌጅ በሚባሉት በላተኛ ሕዋሳት ሆድ ውስጥ ቀለም የሚቀበሉ ቍርጥራጮች አይቶ ነበር፤ እነዚህም የሞቱ ሕዋሳት ፍርስራሾች ናቸው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በጤነኛ ዕጢ ውስጥ ፎሊክሎቹ በገጠር እንዳሉ ጎጆዎች ተራርቀው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ማዕከል አንድ ወገኑ ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ያለ ነው፤ ዙሪያውንም ትንንሽ ሕዋሳት እንደ ካባ ይከቡታል። በጠቆረው ወገን ቢ ሕዋሳት ይራባሉ፤ በነጣው ወገን በቲ ሕዋሳትና እንደ መረብ በተዘረጉ ባለ ቅርንጫፍ ሕዋሳት እየተፈተኑ ይመረጣሉ፤ ያልተመረጡት ይሞታሉ፣ በላተኞቹም ይውጧቸዋል። በፎሊክል ሊምፎማ ጊዜ ግን ጎጆዎቹ በዝተው ጣሪያ ለጣሪያ ይጋጠማሉ፤ ጥቁሩና ነጩ ወገን አይለይም፤ ካባው ይሳሳል ወይም ይጠፋል፤ በላተኞቹም ይመናመናሉ።

በ1925 ዓ.ም. በኒውዮርክ ብሪል፣ ቤርና ሮዘንታል የተባሉ ሐኪሞች ይህንን በሽታ ሲገልጡ የፎሊክሎች ከመጠን በላይ ማደግ እንጂ ነቀርሳ ብለው አልጠሩትም። በ1927 ዓ.ም. የጻፈው የሲመርስ ስም ተጨምሮ በሽታው ለብዙ ዘመን የብሪልና የሲመርስ በሽታ ተባለ። ለስሕተቱ ምክንያት አይታጣለትም፤ ዕጢው ፎሊክሎቹን እንደ ያዘ ነው፣ በራጅ ጨረርም ቶሎ ይሟሽሻል። ነገር ግን እብጠቱ ከዓመታት በኋላ ይመለስ ነበር፤ በአንዳንዶቹም ላይ ፎሊክሎቹ ፈርሰው ሕዋሳቱ ያለ ሥርዐት ሲፈሱና በሽተኛው ፈጥኖ ሲሞት ታየ።

ሄንሪ ራፓፖርትና ባልደረቦቹ በ1956 ዓ.ም. 253 ሕሙማንን መርምረው ነቀርሳ መሆኑን አስረዱ፤ የክብ ክብ አሰላለፍ ያለው ሕመምተኛም አሰላለፉ ከፈረሰበት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚኖር አሳዩ። ይሁን እንጂ ራፓፖርት ክቦቹ ከእውነተኛው ፎሊክል የመጡ መሆናቸውን አልተቀበለም።

በዚያው በ1956 ዓ.ም. በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ከነቀርሳ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው በሚመስል ነገር፣ ሌላ በር ተከፈተ። ቻንግ የተባለ ተማሪ ለክፍል ማሳያ የሚሆን ፀረ እንግዳ አካል ለማውጣት ከጓደኛው ከብሩስ ግሊክ ዶሮዎች ተዋሰ። ዶሮዎቹ ግን ሳያወጡ ቀሩ፤ ቢጣራ ግሊክ ቀደም ብሎ ከጅራታቸው አጠገብ የሚገኘውን ቡርሳ የሚባል ከረጢት አውጥቶባቸው ኖሯል። ጽሑፋቸው የታተመው በዶሮ እርባታ መጽሔት ስለ ነበረ ሐኪሞች ብዙ አላዩትም። በ1965 ዓ.ም. ማክስ ኩፐርና ባልደረቦቹ ሁለት ዐይነት ተከላካይ ሕዋሳት መኖራቸውን ሲያስረዱ ግን ዋጋው ታወቀ። ቢ የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ከቡርሳ ነው። ከተዋሱት ዶሮ ይህን ያህል ነገር መውጣቱ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያስደስት ነው።

በ1974 ዓ.ም. ኢሌን ጃፌና ባልደረቦቿ በቤቴስዳ፣ በቀጭኑ በተቈረጠ የዕጢ ሥጋ ላይ የተዘጋጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን አፍስሰው በነቀርሳው ክቦች ላይ ሲጣበቁ አዩ፤ ክቦቹም የፎሊክል ቢ ሕዋሳት መሆናቸው ተረጋገጠ። በዚያው ዓመት ካርል ሌነርትና ጓደኞቹ በኪል፣ ማለት በፍሌሚንግ ከተማ፣ ሊምፎማዎችን በሕዋሳቸው ዐይነት የሚለይ አከፋፈል አወጡ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ሕዋሱ ማን ነው?» የሚል ሆነና ጎረቤቶቹ ወደ ጎን ተተዉ። ፍሬ አላገኘም ማለታችን አይደለም። በ1984 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ቢሲኤል 2 የተባለው ጂን ተገኘ፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በሜልበርን ዴቪድ ቮክስና ባልደረቦቹ ሥራው ሕዋስን ከሞት መጠበቅ መሆኑን አሳዩ። ፍሌሚንግ ያያቸው በላተኞች በነቀርሳው ክብ ውስጥ ለምን እንደሚያንሱ የታወቀው በዚህ ነው፤ የሚሞት ካነሰ የሚበላም ያንሳል።

በ2004 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሰዎች ከ191 ሕሙማን የተወሰደ ናሙና መርምረው ያልታሰበ ነገር አገኙ። የበሽተኛውን የዕድሜ ርዝመት አስቀድሞ ያመለከተው በነቀርሳው ሕዋስ ያለው ሳይሆን በመካከሉ ባሉት ጤነኛ ተከላካዮች ያለው የጂን ምልክት ነበር። የቲ ሕዋሳት ምልክት ያየለባቸው ረዘም ላለ ጊዜ ኖሩ፤ የማክሮፌጅና የባለ ቅርንጫፍ ሕዋሳት ምልክት ያየለባቸው ግን አጭር ጊዜ። ነገሩ እንደ መድኃኒቱ መለያየቱም አልቀረም፤ ሪቱክሲማብ በተሰጣቸው ሕሙማን ላይ የማክሮፌጅ ብዛት ክፉ ምልክት መሆኑ እንደ ቀረ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ዛሬ መርማሪዎች በአንድ ቍራጭ ሥጋ ላይ በብዙ ዐሥር የሚቈጠሩ ፕሮቲኖችን ቀለም ሰጥተው፣ ማን ከማን አጠገብ እንደ ቆመ በኮምፒዩተር ይለካሉ።

በአገራችን አንገቱ ያበጠ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ነው፤ ይህም ትክክል ነው፣ የዕጢ ቲቢ በኢትዮጵያ ብዙ ነውና። ምርመራው በቀጭን መርፌ ይደረጋል፤ ዋጋው ቀላል፣ ሥራውም ፈጣን ነው። መርፌ ግን ሕዋሳቱን መጥጦ ሲያወጣ ሰልፋቸውን ይበትነዋል። ሊምፎማ ሲጠረጠር ሐኪሙ ዕጢውን በሙሉ ቈርጦ እንዲያወጣ የሚፈለገው ስለዚህ ነው፤ ፓቶሎጂስቱም ቍራጩን በመስተዋት ላይ ሲያኖር አስቀድሞ የሚመለከተው ከሁሉ አነስተኛ በሆነው ማጉያ ነው።