የትራንስፖርት ሚቴን ታሪክ፦ የምናነጻጽረው ምንድን ነው?



ዛሬ የመረጥሁት ርእስ ሲሰሙት የመሐንዲስ እንጂ የታሪክ አጥኚ አይመስልም። ሆኖም የአገሮችን የትራንስፖርት ሚቴን ልቀት በየዘመኑ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የጭስን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሕግንና የቆጠራን ታሪክም ይዟል። መከራከሪያዬ ይኸው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ነገሩን በልኩ እንያዘው። ከሰው ልጅ ሥራ የሚመነጨው ሚቴን አብዛኛው ከከብት እርባታ፣ ከሩዝ ማሳ፣ ከቆሻሻ፣ እንዲሁም ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ምርት የሚወጣ ነው፤ የተሽከርካሪ ድርሻ አነስተኛ ነው። ነገር ግን ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ የሚቆየው ዐሥር ዓመት ያህል ቢሆንም፣ በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ ትንሹም ሊቆጠር ይገባል።

የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በ1970 ወጣ፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮም በአብዛኞቹ አዳዲስ መኪኖች ላይ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ተገጠመ። የሕጉ ዒላማ ካርቦን ሞኖክሳይድና የከተማ ጭጋግ የሚፈጥሩ ሃይድሮካርቦኖች እንጂ ሚቴን አልነበረም። እንዲያውም ሚቴን ለጭጋግ የሚያደርገው አስተዋጽኦ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ኋላ የወጡ መስፈርቶች ገደብ የጣሉት ሚቴን ባልሆኑ ሃይድሮካርቦኖች ላይ ነበር። የሚቴኑ መቀነስ ማንም ያላቀደው ትርፍ ነው።

መሣሪያው በሁሉም ስፍራ እኩል አልደረሰም። በአውሮፓ በሰፊው የተዳረሰው ዩሮ 1 የተሰኘው ደረጃ ከ1992 ጀምሮ ሲጸና ነው። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ደግሞ መሣሪያውን ስለሚመርዘው፣ ነዳጁ ካልተለወጠ ኮንቨርተሩ ዋጋ የለውም። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ይህን ቤንዚን የተዉት በ2006 መግቢያ ነው፤ አልጄሪያ ከዓለም የመጨረሻዋ ሆና በ2021 አቆመች። እንግዲህ በአገሮች መካከል የሚታየው ልዩነት የጉዞ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሕግና የነዳጅ ዘመን ልዩነትም ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 ባወጣው መመሪያ የሰፈሩት ቁጥሮች ይህን ያጎሉታል። መቆጣጠሪያ የሌለው የቤንዚን መኪና በአንድ ቴራጁል ነዳጅ 33 ኪሎ ግራም ሚቴን ይለቃል ተብሎ ይሰላል፤ ከ1995 ወዲህ የተሠራ አነስተኛ የቤንዚን መኪና ግን 3.8 ብቻ። የናፍጣው 3.9 ሲሆን የተፈጥሮ ጋዙ 92 ነው።

በዚህ መነጽር ዴልሂን እንመልከት። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 የከተማዋ አውቶቡሶች በሙሉ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠሩ አዘዘ፤ ለውጡም በ2002 ማብቂያ ገደማ ተፈጸመ። ዓላማው የነዋሪውን ሳንባ ከናፍጣ ጥቀርሻ መታደግ ነበር። የሚቴኑን ዓምድ ብቻ የሚያነብ ተመራማሪ ግን ይህን የጤና እርምጃ እንደ ጥፋት ይመዘግበዋል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል።

ሌላው የቆጣሪው ማንነት ነው። ከ1992ቱ የአየር ንብረት ስምምነት ወዲህ በኢንዱስትሪ የበለጸጉት አገሮች ከ1990 የሚነሳ ዓመታዊ መዝገብ ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ የታዳጊ አገሮች ሪፖርት የተራራቀ ነው። ያገለገለ መኪና የምታስገባ አገር ኮንቨርተሩ መሥራቱን ካልመረመረች ከ33 እና ከ3.8 አንዱን መምረጥ ግድ ይላታል። ምርጫው የቤንዚን መኪኖቿን ልቀት ዘጠኝ እጥፍ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች፤ የዚህ ውሳኔ ውጤት ነገ የሚመዘነው ዛሬ በምንጽፈው መነሻ ነው። መነሻው ከተዛባ ድካሙም ሆነ ፍሬው በትክክል አይታይም።

ድንበሩም ያከራክራል። ከጋዝ ጉድጓድና ከቧንቧ የሚያፈተልከው ሚቴን በትራንስፖርት ሥር አይመዘገብም፤ የዓለም አቀፍ መርከቦች ልቀትም ከአገሮች ድምር ውጭ ለብቻው ይቀመጣል።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሲገጥማችሁ ከደረጃው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቁጥሩ ተለክቶ ነው ወይስ ከመመሪያ ተወስዶ? መስመሩ በወረደበት ዓመት የትኛው ሕግ ጸና? ከዓምዱ ውጭ የቀረውስ ምንድን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ አንዱን አገር አመስግኖ ሌላውን መውቀስ ከታሪክ ጸሐፊ አይጠበቅም።